ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፦ ለአዲሷ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ

ልጄ፣

የጉመር ወረዳ ዋና ከተማ አረቅጥ ላይ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ሆነሽ መመደብሽን አባትሽ ደውሎ ነገረኝ። ደስታውን ተናግሮ ሳይጨርስ «አንተ የኖርክበት ሙያ ነው፤ ምን ትመክራታለህ?» አለኝ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ጻፍኩልሽ። ቁጥር የሰጠሁት ለንባብ እንዲያመችሽ እንጂ ሁሉም እኩል ስለሆነ አይደለም። አንዳንዱን በሁለት መስመር አልፈዋለሁ፤ አንዳንዱ ላይ እንደ ሽማግሌ እረዝማለሁና ታገሺኝ።

1. «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲባል ሰምተሻል። መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። ስለ ውኃ ጽሕፈት ቤት ገበያ ውስጥ የሚወራውን ከሁሉም በኋላ የሚሰማው ራሱ የውኃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው፤ ፊት ለፊት ደፍሮ የሚነግረው የለማ! ብዙ ሰው የሕዝብ ግንኙነት ሥራ መናገር ይመስለዋል፦ መግለጫ ማውጣት፣ ፎቶ ማንሳት፣ መድረክ መምራት። እኔ ጎበዝ ባለሙያ የምለው የውጭውን ወሬ ወደ ውስጥ ይዞ የሚገባውን ነው።

ስለዚህ በገበያ ቀን ቢሮ አትዋዪ። ድንችና ገብስ ይዘው ከሚመጡት ገበሬዎች፣ ቆጮ ከሚሸጡት እናቶች አጠገብ ተቀመጪና በጉራጊኛ አውሪ። በአማርኛ የጠየቅሻት እናት «ደህና ነው፣ ተመስገን» ብላ ትሸኝሻለች። በቋንቋዋ ስታጫውቻት ግን ጤና ጣቢያ ሄዳ መድኃኒት «የለም» መባሏን፣ የልጇ የልደት ወረቀት ስንት ጊዜ «ነገ ነይ» እንዳሰኛት ትዘረዝርልሻለች። የሰማሽውን ማታ በግማሽ ገጽ ጽፈሽ በማግስቱ ኃላፊሽ ጠረጴዛ ላይ አኑሪው። የሰው ስም አታስገቢ። «ማን ነው ያለው?» ቢልሽ «ገበያው ነው» በይው። አንዴ ስም ከሰጠሽ በሚቀጥለው ገበያ የሚያጫውትሽ አታገኚም።

በየካቲት 2015 ወልቂጤ ላይ የሆነውን ታስታውሻለሽ። ከተማዋ የቆየ የውኃ ችግር ነበረባት። ሰዉ ባዶ ጄሪካን ይዞ አደባባይ ወጣ፣ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፣ ሰው ሞተ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም መግለጫ አወጣበት። የተበላሸ ቧንቧ በሕዝብ ግንኙነት እንደማይጠገን አውቃለሁ። ጄሪካን ግን አደባባይ ከመውጣቱ በፊት ቦኖ ላይ ለወራት ተሰልፎ ይቆማል። ያን ሰልፍ አይቶ ለአለቃው «ይህ ነገር ወዴት እየሄደ እንደሆነ አይታይዎትም?» የሚል ሰው መኖር አለበት። አረቅጥ ላይ ያ ሰው አንቺ ነሽ።

2. አሁን ቢሮ ግቢና የየወረዳውን የፌስቡክ ገጽ አገላብጪ። ርዕሱ ሁሉ «መድረክ ተካሄደ»፣ «ተመላከተ»፣ «በድምቀት ተከበረ» ነው። ፎቶው ላይ ረጅም ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውኃ፣ ከኋላ ባነር፣ ከፊት አንድ እጁን አንሥቶ የሚናገር ሰው። ጽሑፉን እስከ ታች ብታነቢው ስብሰባው ምን እንደ ወሰነ አይነግርሽም። ለምሳሌ እንዲህ የሚል ርዕስ ደረሰሽ እንበል፦

«የመኸር እርሻ የግብዓት አቅርቦት አፈጻጸም የግምገማ መድረክ ተካሄደ»

ገበሬው ከዚህ ምን ይዞ ይሄዳል? ግምገማ መኖሩን። አይበላ፣ አይዘራ። ያንኑ ዜና እንዲህ ጻፊው፦

«ዩሪያ ገብቷል። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን መውሰድ ትችላላችሁ። መታወቂያና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ። ዳፕ ገና አልደረሰም። የደረሰበትን ዓርብ እንነግራችኋለን።»

ከዚህ ውስጥ ዋናዎቹ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። የሌለውን የለም ብለሻል፣ ቀንም ቆርጠሻል። ዓርብ ሲደርስ ዳፑ ባይመጣ እንኳ «አልመጣም» ብለሽ ጻፊ። ሰው ማዳበሪያ በመዘግየቱ ይናደዳል፤ ቀን ተቆርጦለት በዚያ ቀን ዝም ሲባል ግን የሚቀጥለውን ማስታወቂያሽንም አያምንም።

ኃላፊው «የእኔ ስም የታለ?» ማለቱ አይቀርም። ስሙን ከታች ከቢሮው ስልክ ቁጥር ጋር አድርጊለት። እንዲያ ሲሆን ብዙዎቹ ስማቸው እንዲወጣ ያላቸው ጉጉት ይቀንሳል።

3. በሥራ መዘርዝርሽ ላይ ምናልባት የማታገኚው፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ግዴታ አለብሽ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የሚባል ሕግ አለን። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 ስለ መገናኛ ብዙኃን የነበረውን ክፍል ሲተካ፣ መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተው ክፍል ግን ጸንቶ ቀረ። ያ ክፍል እያንዳንዱ የመንግሥት አካል የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እንዲመድብ ያዛል። መረጃ የሚጠይቅ ሰው ለምን እንደፈለገው የመናገር ግዴታ የለበትም። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከተከለከለም ምክንያቱ ይነገረዋል፤ ቅር ካለው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል።

ይህ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ስንት ዓመቱ! እኔ ግን በሙያው ውስጥ ሳለሁ ከጋዜጠኛም ከተራ ሰውም አብዝቼ የሰማሁት ስሞታ ሁለት ነበር፦ «ደብዳቤ ይዘህ ና» እና «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ከሁለቱ አንዱንም ከአፍሽ አታውጪ። አንድ ወፍራም መዝገብ አስገዢ፤ አራት ዓምድ አሥምሪበት፦ የጠያቂው ስም፣ የጠየቀው ነገር፣ የጠየቀበት ቀን፣ መልስ ያገኘበት ቀን። መጻፍ የማይችል ሽማግሌ ከመጣ አንቺ ጻፊለትና አንብቢለት። በዓመቱ መጨረሻ የሥራሽን ውጤት ሲገመግሙ «ስንት ዜና ሠራሽ?» ይሉሻል። አንቺ ያን መዝገብ አውጥተሽ ሦስተኛውንና አራተኛውን ዓምድ አሳዪአቸው።

4. ክፉ ነገር ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች የአንቺ ናቸው። ከዚያ በኋላ የቲክቶክ ናቸው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። አየር መንገዱ በዚያው ዕለት በራሱ ገጾች መረጃ ማውጣት ጀመረ። የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አቶ ተወልደ ገብረማርያም አደጋው ቦታ ስብርባሪው መካከል ቆመው የሚታዩበትን ፎቶም አወጣ። የዚያኑ ዓይነት የቀሩትን የቦይንግ ማክስ አውሮፕላኖቹን ወዲያው ከበረራ አገደ። አምራቹ ቦይንግ በበኩሉ አውሮፕላኑ ለበረራ አስተማማኝ ነው ማለቱን ቀጠለ፤ በቀናት ውስጥ ግን አገሮች አንድ በአንድ አግደውት መላው ዓለም ላይ ቆመ። የትኛው ኩባንያ ነው የተሻለ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የነበረው ብትዪኝ፣ በገንዘብና በሰው ብዛት ቦይንግ መሆኑ አያጠራጥርም። ሰው ያመነው ግን ቦታው ላይ የቆመውን ነው።

ሌላም አለ። ኮሮና መጋቢት 4 ቀን 2012 አገራችን መግባቱ ከታወቀ በኋላ የወቅቱ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ቁጥር ያወጡ ነበር፤ ስንት ሰው ተመረመረ፣ ስንቱ ተያዘ፣ ስንቱ አረፈ። ቁጥሩ ደስ የማይል ቀንም ይወጣል፣ ደህና የሆነ ቀንም ይወጣል። እኔን የሚገርመኝ የቁጥሩ ዝርዝር ሳይሆን በየቀኑ መውጣቱ ነው። ሰዉ ወሬ ፍለጋ ሌላ ቦታ የሚሄድበት ምክንያት አጣ።

ከአንድ ባንክ ጉዳይ ደግሞ ሁለት ነገር እንማር። ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ በባንኩ መግለጫ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አንደኛው ትምህርት፦ ሌሊቱን ሙሉ ወሬው በተማሪዎች ስልክ ሲዞር አድሮ ባንኩ ደረሰበት። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ያከራክራል። ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ በአደባባይ ለጠፈ። «ሌባን ማጋለጥ ምን ነውር አለው?» ያሉ ብዙ ነበሩ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ደንበኛ ፎቶውን ለባንክ የሚሰጠው ሒሳብ ለመክፈት ነው፤ ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በዚያው ፎቶ ፍርድ ከሰጠ፣ የነገው ደንበኛ ምን ብሎ ይመን? በዚያው ዓመት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አንብቢው። ነገ አረቅጥ ላይ ግብር ያልከፈሉ ነጋዴዎችን ስም ዝርዝር በገጹ ላይ እንድትለጥፊ ብትታዘዢ ምን እንደምትመልሺ ዛሬ አስቢበት።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ተረት ትልቅ ነው፤ ለሰነፍ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ግን መደበቂያ ሆኗል። እውነቱ እያደር እስኪጠራ ሰዉ ውሸቱን ለምዶት ይጠብቅሻል። የምታውቂው ሁለት ነገር ብቻ ከሆነ ሁለቱን ተናገሪ፤ የሚቀጥለውን የምትናገሪበትን ሰዓት ጨምሪበት።

5. መደበቅ አይሠራም። ለዚህ ሩቅ አገር አትሂጂ። በ1965 እና በ1966 ወሎ ላይ ሕዝብ በረኀብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖ ሊያልፈው ሞከረ። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ዓለም ጉድ አለ። በዓመቱ ያው ፊልም በደርግ እጅ ገብቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን ሊወርዱ ዋዜማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የተደበቀው ነገር ለባላጋራ መሣሪያ ሆነ። ያንን ፊልም ያሳየው ደርግ ራሱ ደግሞ በ1977 መባቻ፣ ሰሜኑ በረኀብ እያለቀ፣ አሥረኛ የአብዮት በዓሉን በሰልፍና በመብራት አከበረ። የሰው ልጅ ከጎረቤቱ ጥፋት አይማርም ያለው ማን ነበር?

6. ገጻችሁ ስንት ተከታይ አለው ብለሽ አትኩሪ። የጉመርን ወሬ በፌስቡክ የሚከታተለው አብዛኛው የት ነው ያለው? መርካቶ ሱቅ ውስጥ፣ ጅዳ፣ ዋሽንግተን። «ኮራሁባችሁ» ብሎ ልብ ይለጥፋል፤ ደስ ይላል። የውኃው ማስታወቂያ የሚመለከታት እናት ግን ስማርት ስልክ የላትም። አንድ ጽሑፍ ሺህ ላይክ አገኘ ማለት የማዳበሪያው ማስታወቂያ ለቀበሌው ደረሰ ማለት አይደለም። ለእናቶች ሞንታርቦ የጫነ መኪና፣ ሰሌዳ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ በር፣ ዕድር፣ የወልቂጤ ኤፍ ኤም ሬዲዮ ይሻላሉ።

ይህ የእኛ አገር ክርክር ብቻ እንዳይመስልሽ። በ2010 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ባርሴሎና ላይ የተሰበሰቡ የዘርፉ ሰዎች፣ የጋዜጣ ቦታን ስፋት በማስታወቂያ ዋጋ እያሰሉ «ይህን ያህል ብር የሚያወጣ ሽፋን አገኘን» ማለትን ጥለው፣ መለካት ያለበት ሰው ምን ተረዳ፣ ምን ለወጠ የሚለው ነው ብለው ተስማምተዋል። እዚህ ግን ሪፖርታችን ላይ ዛሬም «12 ዜና፣ 3 ቪዲዮ፣ 1 ባነር» እንጽፋለን። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክና ቴሌግራም ለወራት ሲገደቡ የመንግሥት ገጾች መለጠፋቸውን አለማቆማቸው ዛሬም ያስቀኛል፤ ማን እንዲያነበው እንደሆነ ይታሰብ።

7. ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነበር። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ የሙያው ትልቁ ክርክር ይሄ ሆኗል፦ በማሽን የተጻፈ መግለጫ «በማሽን የተጻፈ ነው» ተብሎ ይነገር ወይስ አይነገር? እኔ ሽማግሌ ብሆንም ጠላቱ አይደለሁም። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ለማሳጠር፣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ረቂቅ ለማዘጋጀት ተጠቀሚበት። ሦስት ነገር ግን ከልክያለሁ። የሐዘን መግለጫ አታጽፊው፤ ልጁን የቀበረ አባት ከማሽን የመጣ ማጽናኛ አይገባውም። የሰዎችን አቤቱታ ከነስማቸው አታስገቢበት። ቁጥርና ስም ከሰጠሽ አንድ በአንድ ሳታረጋግጪ አታውጪ፤ ሳያፍር ይዋሻልና። ፊርማው የአንቺ ከሆነ ስሕተቱም የአንቺ ነው፤ «ሲስተሙ ነው» የሚል መልስ ከዚህ በኋላ አይሠራም።

ምስልም እንዲሁ። ያልተሠራ ድልድይ በኮምፒውተር አሥለሽ ከሥሩ «በቅርቡ» የሚል ጽሑፍ አታድርጊ። ሰዉ ፎቶ መስሎት ያጋራዋል፤ ክረምት ሲመጣ ወንዙ ዳር ቆሞ አንቺን ይረግማል። የኃላፊሽን ድምፅ አስመስሎ የሚሠራ ሰው መምጣቱ ስለማይቀር ደግሞ ከአሁኑ ሕዝቡን አስለምጂው፦ ከእነዚህ ቦታዎች ውጭ ያየኸውን የእኛ ነው ብለህ አትመን በይው፤ ቦታዎቹን አታብዢ።

8. ገንዘብ። ጋዜጠኛ ሲመጣ አበል ይሰጠዋል፤ በአገራችን የተለመደ ነው። መኪና ለሌለው ሰው ትራንስፖርት መሸፈን አይከፋም፤ ለሁሉም እኩል፣ በደረሰኝ፣ ከመጻፉ በፊት ይሁን። ዜናው ሲወጣ የሚሰጥ ፖስታ ግን ጉቦ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ቲክቶከር ከፍላችሁ ካስመጣችሁም ተከፍሎት እንደመጣ ይናገር። ማስታወቂያ ማስታወቂያ መሆኑ መታወቅ አለበት።

9. ይህን ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ ነው። ለማን ነው የምትሠሪው?

ማንም የሕዝብ ግንኙነት አጥንቻለሁ የሚል ሰው አይቪ ሊ የሚባል አሜሪካዊ ያውቃል። በ1906 በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንድ ባቡር አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ ውኃ ውስጥ ገብቶ ከ50 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ኩባንያው እንደ ልማዱ ጋዜጠኞችን ከማራቅ ይልቅ ወደ ቦታው እንዲያመጣቸው ያሳመነው እሱ ነው። እስከዛሬ በየትምህርት ቤቱ ይወደስበታል። ይኸው ሰው ግን በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ለአንድ የጀርመን ኬሚካል ኩባንያ አማካሪ ሆኖ በናዚ ዘመን ተገኘና የአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪዎች ፊት ቀረበ። ብልሃቱ ያው ብልሃት ነው፤ የተለወጠው የሚሠራለት ሰው ነው።

ከእኛ ዘመን ደግሞ ቤል ፖቲንገርን እይ። የለንደን ትልቅ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ነበር። በደቡብ አፍሪካ ጉፕታ ለሚባል የባለሀብት ቤተሰብ ብሎ በሠራው ዘመቻ ነጭና ጥቁሩን የሚያጋጭ ወሬ ሲያሠራጭ ተደረሰበት። በፈረንጆቹ 2017 በአገሩ ያለው የሙያ ማኅበር ከአባልነት አባረረው፣ ደንበኞቹ ጥለውት ሄዱ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ድርጅቱ ፈረሰ። ማባረር የሚችል የሙያ ማኅበር መኖሩን ልብ በይ። እኛ ዘንድ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ቢዋሽ ማን ያባርረዋል? አለቃው አዝዞት ዋሽቶ ከሆነ ማን ይከላከልለታል? ወጣቶቹ ተደራጅታችሁ ይህን መመለስ አለባችሁ፤ እኛ አልመለስነውም።

ወደ አንቺ ልመለስ። ደመወዝሽ የሚመጣው ከግብር ከፋዩ ነው። በብዙ ቦታ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሹመኛ ነው፤ አንቺ ግን ባለሙያ ነሽ፤ ይህን ልዩነት ጠብቂው። የፓርቲ ሥራ በፓርቲ ገጽ ይሁን። የወረዳው ገጽ የመንግሥትን አገልግሎት የሚናገር ነው፤ የፓርቲ አባል ያልሆነም፣ ፓርቲውን የማይወድም ግብር ከፍሎበታልና።

«ሕዝቡ በአንድ ድምፅ» የሚለውን ሐረግ ደግሞ ከመዝገበ ቃላትሽ አውጪው። የጉራጌን የክልልነት ጥያቄ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። በኅዳር 2011 የዞኑ ምክር ቤት ጥያቄውን አጸደቀ። በነሐሴ 2014 ለዚሁ ጥያቄ ሲባል ወልቂጤና ሌሎች ከተሞች ላይ ሱቅ ተዘግቶ ሰው ከቤቱ አልወጣም። በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ የቀድሞው ዞን ተከፍሎ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱ ጎረቤት ደገፈ፣ ሌላው አዘነ፤ በአንድ ቤት ውስጥም ወንድምና ወንድም ተለያየ። ከየትኛውም ወገን «በአንድ ድምፅ» ብለሽ ብትጽፊ ዝም ያለው ግማሽ አንቺን እንደ ውሸታም ይቆጥርሻል። ስንት ሰው ተገኘ፣ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ፣ ምን ተወሰነ፤ ይህን ብቻ ጻፊ። በጉራጌው የጆካ ሸንጎ ላይ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ አይተሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ፣ የተቃወመው ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ፍርድ አይሰጥም።

ውሸት እንድትጽፊ ብትታዘዢ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት አንድ ነገር ነው። ትእዛዙን በጽሑፍ ስጡኝ እላለሁ። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት አንድ አለቃ ክፍሉ ውስጥ እሳት ተነሥቶ ሳለ «ምንም አልደረሰም ብለህ ጻፍ» አለኝ። «እሺ፣ ይህንኑ በደብዳቤ ይጻፉልኝና» አልኩት። ደብዳቤው ሳይመጣ ቀረ፤ ማታ መግለጫው «መጠነኛ ቃጠሎ ደርሷል» ብሎ ወጣ። ጀግንነት አልነበረም። ብዙ ሰው ውሸት ለማዘዝ እንጂ ለመፈረም አይደፍርም፤ ይህን ማወቅ ብቻ ይበቃል።

10. መስቀል ሲደርስ አገሩ ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ አረቅጥ መንገዱ በመኪና ይሞላል። ያኔ ሁሉም ባለሥልጣን ባነር ይፈልጋል፤ ሁሉም ከመርካቶ ለመጣው ነጋዴ የሚያሳየው ፕሮጀክት አለው። አስቀድመሽ አስቢበት። አያቶችሽ በ1950ዎቹ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን ያቆሙት መርካቶ ላይ ከጫማ ጠራጊ እስከ ባለሱቅ ገንዘብ አዋጥተው ነው። ያ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ኪሱን የከፈተው ባነር አይቶ አይደለም፤ የመጀመሪያው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ተነግሮት ነው። በዚህ መስቀል ከባነሩ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጂ፦ አምና ከተዋጣው ስንት ብር ገባ፣ ምን ላይ ዋለ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ፣ የትኛው ሥራ ቆመ፣ ለምን ቆመ። «ለምን ቆመ» የሚለውን ከወረቀቱ ላይ እንዲያወጡብሽ አትፍቀጂ። ወረቀቱን በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ በር፣ በአውቶቡስ ተራ፣ በሥጋ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፊ፤ ክትፎ የሚበላ ሰው ጊዜ አለው፣ ያነበዋል።

አዋጅ 590ን፣ መረጃ የማግኘት መብትን የሚናገረውን ክፍል፣ በሁለት ቅጂ አሳትሜ ከአባትሽ ጋር ልኬልሻለሁ። አንዱን ቅጂ ለራስሽ ያዢ፤ ሌላውን ሰኞ ጠዋት ለኃላፊሽ ስጪና መዝገቡ እንዲገዛልሽ በደብዳቤ ጠይቂ። ደብዳቤሽ ላይ ቀን መጻፍ አትርሺ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ 30 ቀን ቁጠሪ።